የጸሐፊው ቤት በረንዳ

ባለፈው ሰሞን ሦስት የሰፈራችን ልጆች ቤቴ መጡ። ልጆች ስላቸው ሁሉም የልጅ አባቶች ናቸው፤ እኔ ግን ንፍጣቸውን ስጠርግላቸው ስለማስታውስ ሌላ ስም አላወጣላቸውም። የድሮዋን ቡታጅራ፣ ቤቶቿን፣ ጓሮዎቿንና መንገዶቿን በፎቶግራፍ እያሰባሰብን ነው አሉኝ። ደግ ሐሳብ ነው። ያለኝን ፎቶ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላቸው። አንደኛው አንድ በአንድ እያነሳ ሲያይ ቆየና፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ቤት ነው እንዴ?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ሳይ እውነቱን ነው። እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ሙሽሮቹ፣ ክርስትና የተነሳው ሕፃን፣ ሐጅ አድርገው የተመለሱት ጎረቤታችን፣ እኛ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሁላችንም አንድ የቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ቆመናል። የማያውቅ ሰው ቢያየን መንደሩ በሙሉ ተጠጋግቶ እዚያ ቤት ውስጥ ያድር የነበረ ይመስለዋል።

ቤቱ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቤት ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። ጸሐፊው ከጎጃም ተዛውረው የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። መስኮቶቻቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። ሚስታቸው ደግሞ በረንዳው ጥግ ጥግ ላይ በዘይት ቆርቆሮ አበባ ይተክላሉ፤ ከደረጃው ግራና ቀኝ ጽጌረዳ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ የሎሚ ዛፍ ነበራቸው። የሚበላ ሳይሆን የሚታይ ነገር ተክሎ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ያየነው መጀመሪያ እሳቸውን ነው። እናቶቻችን በሆዳቸው ይስቁባቸው ነበር።

ፎቶ አንሺው የሚመጣው በገበያ ቀን፣ በጭነት መኪና ላይ ነው። ሦስት እግር ያለው የእንጨት ሳጥን፣ አንድ ጥቁር ጨርቅና አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ ሄዶም እዚያ በረንዳ ፊት ይተክለዋል። ብርሃኑ ጥሩ ነው ይላል። እኛ ግን የምንሄደው ብርሃኑን ብለን አልነበረም፣ ቆርቆሮውን ብለን ነው። በሣር ቤት ፊት ፎቶ መነሳት ማንም አይፈልግም። የጸሐፊው ሚስት ደግሞ እጃቸው የተፈታ ነበር። ወንበር ያወጣሉ፤ ልብሷ ላደፈባት ሴት የራሳቸውን ነጠላ ያውሷታል። ካላመናችሁ ፎቶዎቹን አሳያችኋለሁ፤ አራት ሴቶች በአራት ፎቶ ላይ ያንኑ ባለ ሰፊ ጥለት ነጠላ ለብሰዋል።

ልጆቹ የሚፈልጉት ግን ካሜራው ጀርባውን ሰጥቶት የቆመውን መንደር ነበር። እሱ አንድም ፎቶ ላይ የለም። ከበረንዳው ማዶ ጀፎረ የምንለው ሰፊ የሣር መንገድ ነበር፤ ከብቱ የሚያልፍበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም የሚቀመጥበት፣ ማንም አጥሩን አንድ ክንድ ገፍቶ የማይገባበት። ከወዲህና ከወዲያ ክብ ቤቶቻችን ተደርድረዋል፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ። ዝናብ ሲጥል ቅጠሉ ላይ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቶች አንድ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ይሰጡኝና ጃንጥላ አድርጌው እሄድ ነበር፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም አልጥለውም።

«የእናንተስ ቤት ፎቶ የለም?» አለኝ ልጁ። የለም አልኩት። ለምን እንደሌለ ግን አልነገርኩትም። እዚህ ልጻፈው።

አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ታላቄ። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት የመንደሩን ወንዶች ደቦ ጠርቶ ቤታችንን እንደ አዲስ ከደነው። አናቱ ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ሣር ያሰረው ራሱ ነው፤ እናቴ ከታች ሆና ውረድ እያለች ስትቆጣ፣ እሱ ከላይ ይስቅባታል። ከዚያ መርካቶ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባ። በየዓመቱ ለመስቀል ይመጣል፤ ገና ሳይቀመጥ ቤቱን አንድ ጊዜ ይዞርና ክዳኑን ያያል።

በአራተኛው ዓመት ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ደብዳቤ ጻፈልን። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ የማነብላት እኔ ነኝ። «ዘንድሮ ለመስቀል የምደርስ አይመስለኝም» ይላል። «ተኝቼ የማየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ቤታችንን ፎቶ አስነስታችሁ ላኩልኝ። ሰውዬው ከጀፎረው ላይ ቆሞ ያንሳው፤ ደጁም እንሰቱም ይታይ።»

እናቴ ነገሩ ቀላል ነበር የመሰላት። «ሳጥኑን ተሸክሞ እዚህ ይምጣላ። ቤቱን አይደል ያለው?» አለች።

እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ከጸሐፊው ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አንድ ቀን ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «እውነት ከላም ጋር ነው የምትተኙት?» ብላ ጠይቃኛለች። ክፋት አልነበራትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሴን ቤት ዓይኑን ማየት አስጠላኝ። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ነው። የሣር ቤት ሲያዩ ይስቁበታል» አልኳት። አዲስ አበባን እሷም አላየቻትም፣ እኔም አላየኋት። ግን ተማሪዋ እኔ ነኝ። «ከሳቁበትማ ይቅር» አለች።

በገበያው ቀን በረንዳው ላይ ቆምን። እናቴ የተዋሰችው ነጠላ አላማረባትም። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ «ወደዚህ እዪ፣ እናት» አላት። እኔ ጽጌረዳው አጠገብ ቆሜ ፈገግ ብያለሁ። ያንን ፈገግታ ዛሬ ሳየው በጥፊ ማለት ያምረኛል።

መልሱ ከመስቀል በፊት በሹፌር እጅ መጣ። እናቴ እንሰት ስትፍቅ ስለነበር እጇን ቅጠል ላይ ጠራርጋ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። አነበብኩላት። «ፎቶው ደርሶኛል። አምሮባችኋል። እናቴ ግን ከስታለች፣ ምነው?» ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ይሄ የጸሐፊው ቤት ነው። እኔ የኛን ነበር ያልኳችሁ። እባክሽ እህቴ፣ የኛን ላኪልኝ።» ይህንን ዘለልኩት። ሰላምታው ላይ ገባሁና የጎረቤቱን ስም አንድ በአንድ ጠራሁላት። ባነበው ጥፋቱ የኔ መሆኑ ይወጣል፤ የፈራሁት ይህንኑ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ገበያ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ገበያው ደረሰ፣ ፎቶ አንሺውም መጣ፣ አልነገርኳትም። ሌላም ገበያ አለፈ።

መስቀል ሳይደርስ አሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ራሱ መርዶውን ይዞ መጣ። ለቅሶው ጀፎረው ላይ ተቀመጠ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቶ አለቀሰለት። ከዚያ በኋላ ክዳኑን የሚያድስልን ጠፋ። ሣሩ በሰበሰና በሁለተኛው ክረምት ማፍሰስ ጀመረ፤ አጎቶቼ ቤቱን አፍርሰው ባለ ቆርቆሮ ሠሩልን። ስመኘው የኖርኩት ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። በየመስቀሉ፣ ሰው ሁሉ ከበላና ከተሸኘ በኋላ፣ ያንን ደብዳቤ ከመቀነቷ ፈትታ ታወጣና «እስቲ አንብቢልኝ» ትለኛለች። አነብላታለሁ። የቱ ጋ እንደምዘል አውቄዋለሁ፤ ድምፄ እንኳ አይሰናከልም። ስጨርስ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው።

«አየሽ፣ አንድ ነገር ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ቢጎድልበት ኖሮ ደግሞ ይጠይቀኝ ነበር።»

እኔም ወረቀቱን አጥፌ እመልስላትና «አዎ፣ እማ» እላታለሁ።