ማግኔት የሚወድ ዝገት

የቀበሌው ጥበቃ ከአልጋዬ ሥር ጥቁር ዱቄት ያለበትን ጣሳ ጎትቶ ከፈተ። "ባሩድ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ልጄን የሺን አያት። የሺ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ይኼ ዕድሜ ብቻውን ያስጠረጥር ነበር።

እኔ ባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ የጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ። በመጀመሪያው ቀን መምህር ደምሰው መጥረጊያዬን ተቀብለው ሙቀጫ ሰጡኝ። "በርበሬ ይወቅጣሉ?" "እወቅጣለሁ።" "እንግዲያው ዝገት ይውቀጡልኝ።"

ሥራው ዱቄትን በዱቄት መቀመም ነው። ነጩ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ብቻውን ተጠፍጥፎ ምድጃ ሲገባ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቁንጣሪ አልሙኒየም ከገባበት ግን ኤሌክትሪክ አሳልፎ የእጅ ባትሪ አምፖል ያበራል። ቀዩ ዝገት ማግኔትን ዞር ብሎ አያይም፤ ከማንጋኒዝና ከዚንክ ጋር ተወቅጦ ሲጠበስ ይጠቁርና ማግኔት ይወዳል። ከእሳት ሲወጣ ስለሚጓጉል እንደገና ይወቀጣል። የቤተ ሙከራው ሙቀጫ ቢሰነጠቅ፣ መምህሩን አስፈቅጄ ጥቁሩንም ቀዩንም በራሴ ሙቀጫ ልወቅጥ በየጣሳው ቤቴ ወሰድሁ።

ጥበቃውና ጓደኛው ጣሳዎቹን ይዘው እኔንም ልጄንም ሐይቁ ዳር ወዳለው ቀበሌ ነዱን።

"ምንድን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ዝገት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ዝገት ቀይ ነው።"

"ቀይ ነበር። ሲቀመምና ሲጠበስ ጠቆረ።"

"ዝገት ደግሞ እንደ ሽሮ ይቀመማል?"

"ክብሪት ይጫሩበት፤ አይነድም።"

ሊቀመንበሩ ክብሪቱን ለጥበቃው ሰጠ፤ ጥበቃው ለጓደኛው፤ ጓደኛው ለእኔ። እኔ እንጨቷን ሳወጣ ክፍሉ ባዶ ሆነ።

"ተዪው፣ ተዪው" አለ ሊቀመንበሩ ከደጅ። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ ተኮሳትሯል። "ጣሳው ጣና ይጣል። ልጅቱ እዚህ ትደር።"

እዚያ ካደሩ ልጆች ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ለስብሰባ የሚለፍፈው ድምፅ ማጉያ ሊጠገን ጀርባው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማግኔቱ ይታያል። "አንዴ ይፍቀዱልኝ" ብዬ ቀዩን በወረቀት አስጠጋሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ጥቁሩን አስጠጋሁ፤ ዘሎ ተለጠፈና እንደ ጃርት ቆመ።

በር ላይ የነበሩት ሽማግሌ ጥበቃ ባሻ ካሴ ይባላሉ፤ የድሮ ወታደር ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። "እኔ ከባሩድ ጋር ነው ያረጀሁ" አሉ። "ባሩድ ማግኔት ሲያቅፍ አይቼ አላውቅም።"

ሊቀመንበሩ ማጉያውን በመሐረብ መጥረግ ጀመረ፤ ዱቄቱ አልለቅ አለው። የሺ ሳቀች፤ ቆነጠጥኋት።

"ልጅሽንም ዝገትሽንም ይዘሽ ሂጂ" አለ።

ለእናንተ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኼን ነው፤ የቤተ ሙከራ ዱቄት ቤት አይሄድም፤ ከሄደም ጣሳው ላይ የዱቄቱ ስም ይጻፍ።

ከልጄ ጋር ቤቴ ገባሁ። በሩን ቀረቀርሁ። ተረፍን።