የጽጌሬዳ ሁለት ጉንጮች

ጽጌሬዳ የፀጉር ሥራ ቤቷን ከሐረር ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ የከፈተችው ገና ሳታገባ ነው። ሐሜት አትወድም፤ ግን በቤቷ ያልታማ ሐረሬ የለም። «እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ሥራ ፈት ስለሆነ ይሰማል» ትላለች።

በ2008 ክረምት የአጎቷ ልጅ ልደት ከዱባይ ለእረፍት መጣች። እዚያ የምትሠራው ቅባትና ሽቶ በሚሸጥበት ቤት ነው። ለጽጌሬዳ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ክሬም ይዛላት ወደ ሥራ ቤቱ ሄደች።

«ከፖም ሕዋስ የተሠራ ነው» አለች፣ ደንበኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ከዚህ በኋላ ያንን አረንጓዴ ጭቃ ፊትሽ ላይ እንዳላይ።»

አረንጓዴ ጭቃ ያለችው ቀሲልን ነው፤ ከቁርቁራ ቅጠል ተፈጭቶ፣ በውሃ ተለውሶ ለፊትም ለፀጉርም የሚቀባውን ዱቄት። ክፋቱ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቀሲል፣ ሂናና ቅመም ሲሸጡ ያረጁት እትዬ ዋፊቃ ፀጉራቸውን እየተሠሩ እዚያው ተቀምጠዋል።

«ጭቃ?» አሉ እትዬ ዋፊቃ፣ በመስታወቱ ውስጥ ልደትን እያዩ። «እናትሽን የሞሸርኳት በዚሁ ጭቃ ነው።»

በዚህ መሀል መምህር ተክለጻድቅ ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ሚስቱ ሥራዬ ካስክ ውስጥ ገብታ ፀጉሯን ታደርቃለች። እትዬ ዋፊቃ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ሸፈን አሉና፣ የፖም ሕዋስ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቁት። የሚጠይቀው አግኝቶ ዝም ብሎ የማያውቀው ተክለጻድቅ ጀመረ።

«ተክል ሲቆስል ቁስሉ ላይ ለስላሳ ነገር ያበቅላል። ከዚያ ትንሽ ይቆርጡና ስኳርና ማዕድን ባለበት ውሃ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያኖሩታል። እዚያው ይባዛል። ሲበቃው ሕዋሱን ሰብረው ጭማቂውን ያወጣሉ። ክሬሙ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።»

«አፈሩስ?»

«አፈር የለም።»

«ፀሐዩስ?»

«እሱም አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ፖሙ የታለ?»

«ፖምም የለም፣ እትዬ።»

እትዬ ዋፊቃ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «አላህ ይጠብቀን። ዛፍ ሳይሸከመው ያደገ ፖም ማለት፣ ወላጅ ሳይቆጣው እንዳደገ ልጅ ነው። ፊቴ ላይ አላስቀምጠውም።»

ሥራዬ ከካስኩ ሥር አንገቷን አወጣች። «ፊት ላይ ቢበቅልስ?»

«ሞቷል፤ አይበቅልም» አለ ባሏ።

«የሞተ ነው የምንቀባው?»

«ግን ይሠራል?» አለች ጽጌሬዳ፣ ነገሩን ለማብረድ።

«ሳጥኑ ይሠራል ይላል» አለ ተክለጻድቅ። «ሳጥን ስለራሱ ክፉ ሲናገር ደግሞ ሰምቼ አላውቅም።»

ነገሩ በዚያ ያልበረደው በሂክማ ምክንያት ነው። ሂክማ የእትዬ ዋፊቃ ልጅ ናት፤ ሠርጓ ከዓረፋ በኋላ ነው። የክሬሙን ወሬ ስትሰማ፣ ቀሲሉን ትታ በክሬሙ ካልተሞሸርኩ አለች። እናት አኮረፉ። ልደት ደስ አላት። ጽጌሬዳ በሥጋ ዘመዷና በጥንት ደንበኛዋ መካከል ተሰንጥቃ ቀረች። ተክለጻድቅ መላ አመጣ፤ ጽጌሬዳ ራሷ አንዱን ጉንጭ ቀሲል፣ ሌላውን ክሬም እየተቀባች ትሰንብትና ፍርዱ በጉንጯ ይታይ። የቱ ጉንጭ የቱን እንደተቀባ ግን ለማንም እንዳትናገር። «ዳኛ አስቀድሞ ካወቀ ፍርድ አይሆንም» አላት።

ጽጌሬዳም ማታ ማታ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ሥር ባለው ቤቷ በሯን ዘግታ ትቀባ ጀመር። ግራው ለቀሲል፣ ቀኙ ለክሬም። ባጃጅ የሚነዳው ባሏ ሽመልስ ለአንድ ሰሞን ቻለ።

«ግራሽን ስስም» አለ በመጨረሻ፣ «እትዬ ዋፊቃን የሳምኩ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።»

«ታዲያ ቀኙን ሳም።»

«እሱማ ልደትን ይመስለኛል።»

አንድ ምሽት ደግሞ የነፍስ አባቷ ሳይታሰብ ጸበል ሊረጩ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ፣ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ሴት ናት። አባም ለቤቱ ያመጡትን ጸበል ሁሉ እሷው ላይ ጨርሰውት ሄዱ።

የፍርዱ ቀን ሥራ ቤቱ ጢም አለ። የመጋላዎቹ ሴቶች በአንድ ወገን፣ የአዲሱ ከተማዎቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ። እትዬ ዋፊቃ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ተነሥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው የጽጌሬዳን አገጭ ያዙ። ሁለቱንም ጉንጭ ዳሰሱ።

«ይኸው» አሉ ቀኙን እየደባበሱ። «ይሄ የኔ ነው። የቀሲል ቆዳ ሐር ነው፤ እጄ አይስተውም። ያኛውማ ያሳዝናል።»

ልደት ፈጥና ግራውን ነካች። «ይሄ ነው እንጂ። ያበራል እኮ። የፖሙ ሕዋስ መሆኑን ዕውር እንኳ ያውቀዋል።»

ጽጌሬዳ አንዷን ለማስደሰት መዋሸት ትችል ነበር፤ ማንም አይደርስባትም። ግን ሁለቱም እጃቸውን ፊቷ ላይ እንዳደረጉ በኩራት ሲያዩዋት፣ ሳቁ ከሆዷ ተነሥቶ አመለጣት።

«ተለዋውጣችኋል» አለች። «እትዬ፣ ያመሰገኑት ክሬሙን ነው። ልደት፣ ያንቺ ደግሞ ቀሲል ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሥራዬ ናት፤ ቀጥሎ ሁሉም። ልደት ጣቷን እያሸተተች ቀረች። እትዬ ዋፊቃ ግን አልሳቁም። «ጉንጭሽን አዟዙረሽዋል» ብለው፣ ሻሻቸውን በቢጎዲኑ ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ራሳቸው እንደ ሐብሐብ ተነፍቶ በበሩ ሲያልፍ ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ቢጎዲኑን በፌስታል ይዘው መጡ። ተቀመጡ። ሚጥሚጣና ቅመም ሲሰፍሩ የተሰነጣጠቁ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

«ያ ወላጅ አልባ ፖም ተርፏል?»

«ትንሽ አለ፣ እትዬ።»

«ለእጄ ነው። እጅ ደግሞ ፊት አይደለም። ለሂክማ እንዳትነግሪ።»

ጽጌሬዳ ብልቃጡን መዳፋቸው ላይ ገለበጠች። አሹት፣ አሸተቱት። ሁለቱ ሴቶች ገና እንደተቀመጡ ተክለጻድቅ አንገቱን በበሩ አስገባ። አንድ ፊት ማስረጃ አይሆንም፣ ተጨማሪ ፊቶች ያስፈልጋሉ፣ ሚስቴን ጠይቄ እንቢ አለችኝ አለ። እትዬ ዋፊቃ እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር ደበቁና፣ «የራስህስ ፊት ምን ሆነ?» አሉት።