በክብ ማህተም የታሸገ ምስጋና

ከቦንጋ የወጣሁ ቀን ለእትዬ አስካለ የነገርኳቸው ውሸት ነበር። ደካ ያለው ወንድሜ ታደለ ክፉ ሳል ይዞት ተኝቷል፣ ሁለት ቀን አስታምሜው እመለሳለሁ አልኳቸው። ታደለ ምንም አልነካውም፤ እንዲያውም ያን ሰሞን ከሥራ ሲወጣ ኳስ ሜዳ ነበር የሚያመሸው። እሳቸው ግን አንዲት ነገር ሳይጠራጠሩ ጓዳ ገብተው በጣሳ የጫካ ማር አመጡ፣ አፉን በላስቲክ አስረው «ጠዋትና ማታ በማንኪያ ይላስ፣ ሙቅ ውኃ እንዳይጠጣበት» ብለው ሰጡኝ። በማግስቱ ንጋት ላይ መናኸሪያ ስደርስ ጣሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የተሳፈርኩት ግን የደካን ሳይሆን የአዲስ አበባን መኪና ነው።

እትዬ አስካለን ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ቦንጋ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ማህተም ቀረጻ ቤት አላቸው። እናታችን ስትሞት እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ታደለ ደካ ሥራ ይዞ ነበርና እኔን እሳቸው ወሰዱኝ። አስተማሩኝ፣ አለበሱኝ፣ ሙያቸውንም ሰጡኝ። ጎማ ላይ ፊደሉን በግልባጭ መጻፍ፣ በምላጭ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ቀለሙን ሳያዝረከርኩ መምታት፤ ይህን ሁሉ የማውቀው ከእሳቸው ነው። የሱቁ ሕግ አንድ ነበር። ለግለሰብ ቲተር የሚባለውን አራት ማዕዘን የስም ማህተም እንቀርጻለን፤ ክብ ማህተም ግን የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ደብዳቤ ያልያዘ ሰው ቢለምንም ቢያለቅስም አይቀረጽለትም። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለገና ካርድ እንሠራ ነበር፤ እኔ ወረቀቱን አጥፋለሁ፣ እሳቸው የቀረጹትን አበባ ይመቱበታል።

ወደ ውጭ ሊልከኝ የተዋዋለው ደላላ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ላውራችሁና ደላላው ባይለኝም አልነግራቸውም ነበር፤ አንዴ «አትሂጂ» ቢሉኝ መቅረቴ ነው።

ኢስታንቡል ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አምስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖር ነበር፤ አንደኛዋ የእውነት ሳል ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ጣሳውን ፈታሁላት። ማሩ እንደታዘዘለት ለሳል ዋለ፤ እኔ ግን እያላስኳት አለቀስኩ፣ ልጅቷም የምትሞት መስሏት አብራ አለቀሰች። የባሕሩን ነገር ዛሬ አላነሳም። ተርፌ ወጣሁ፣ ከብዙ ወራት በኋላም ጀርመን ገባሁ።

እዚያ የመጀመሪያው ጣጣ ሙያዬ ሆነ። የጥገኝነት ቃሌን የሚቀበለው ሰውዬ አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር ሲለኝ በኩራት «ማህተም እቀርጽ ነበር» አልኩ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ይህን አልተረጎመውም። ከዚያ ቀስ ብሎ በአማርኛ፣

«እህቴ፣ ሌላ ሙያ የለሽም?» አለኝ።

«ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ።»

«እሱም ይቅርብሽ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። ግራ ሲገባኝ ለበዓል ካርድ ማህተም እየመታን እንሸጥ ነበር ብዬ ጨመርኩ። አስተርጓሚው በረጅሙ ተነፈሰና «እንዲህ አትይኝም ኖሯል?» ብሎ እሱን ተረጎመለት። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ እናቱም በጡረታ ጊዜዋ ካርድ እንደምትሠራ ነገረን። እንዲህ ሆኖ የጡረተኛ ሙያ ይዤ ተመዘገብኩ።

ወረቀቴ ከተፈቀደ በኋላ ፍራው ሊንደ የሚባሉ አሮጊት ጣሪያቸው ሥር ያለችውን ክፍል አከራዩኝ። አገሩ ጉም በጉም ነው። የቦንጋም ጉም ጉም ነው፣ ግን ቤት ስትገቡ ውጭ ይቀራል፤ የዚህኛው አብሯችሁ ገብቶ አልጋ ላይ ይወጣል። ሁሉ ነገር በተርሚን ነው፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው፣ ጎረቤት ጋ ጨው ለመበደር እንኳ ተርሚን ሳያስፈልግ አይቀርም። ቆጮ ሲያምረኝ ድንች ቀቅዬ ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ፤ ዓይን መጨፈኑ ምንም አልጠቀመኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ናፍቆት ሲያስጨንቀኝ ላጲስ ገዝቼ አስቀምጬ ነበርና በምላጭ የቡና ቅርንጫፍ ቀርጬ ጠረጴዛው ላይ እየደበደብኩ ወረቀት ላይ መምታት ጀመርኩ። ፍራው ሊንደ በሩን አንኳኩ። በእሑድ ማንኳኳት ክልክል ነው አሉኝ። እያንኳኩ ያሉት እሳቸው ናቸው ልላቸው ፈልጌ ቋንቋው አልመጣልኝም። ላጲሱን ከእጄ ወስደው መስኮት አጠገብ አገላብጠው አዩትና ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠየቁኝ። ለማንም፣ እንዲሁ ነው አልኳቸው። በሳምንቱ እጄን ይዘው የሰፈሩ ሴቶች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ወሰዱኝ።

እነዚያ ሴቶች የሚሠሩት የምስጋና ካርድ ነው። በበዓል ስጦታ ያመጣላቸውን፣ ሲታመሙ የጠየቃቸውን፣ በረዶ የጠረገላቸውን ሰው ሁሉ ስሙን በዝርዝር ይይዛሉ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ ሠርተው ይልካሉ፣ ስሙን ይሰርዛሉ። እኛ አገር እግዜር ይስጥልኝ ተብሎ ያልቃል፤ ደግሞ የዚያኛው የሐዘን ወይ የደስታ ቀን ሲደርስ ሰብሰብ ብለን እንሄድለታለን። ለምስጋና መዝገብ መያዛቸው መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። የእነሱ ማህተም ከሱቅ የተገዛ ነውና የእኔን ሲያዩ ተሰለፉ። የቡና ፍሬ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የንብ ቀፎ እያስከፈልኩ ቀረጽኩላቸው። ፍራው ሊንደ ደግሞ «ፊለን ዳንክ» የሚል፣ በእነሱ ፊደል፣ ዙሪያውን የሚሄድ አዘዙኝ፤ ብዙ ምስጋና ማለት ነው። ክብ ይሁን አሉ። እጄ ትንሽ አመነታ። እዚህ ማን ደብዳቤ ይጠይቀኛል ብዬ ቀረጽኩት።

ያን ቀን ነው ሴቶቹ «አንቺስ ለማን ነው የምትልኪው?» ያሉኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከወጣሁ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። መድረሴን ታደለ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም «እንኳን ደረሰች» ብለው ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስልኬን እንዳይሰጣቸው የከለከልኩት እኔ ነኝ። ድምፃቸውን ከሰማሁ የማሩ ነገር እንደሚነሳ አውቅ ነበርና ፈራሁ።

ካርዱን አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራሁት። ሲከፈት ከመሐሉ የእንሰት ቅጠል ብድግ ይላል። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እትዬ፣ ታደለ ሳል አልያዘውም ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ እንጀራ የሚሰጠኝ እርስዎ ያስተማሩት እጅ ነው። አመሰግንዎታለሁ። አስቴር።» ስልኬንም ጨመርኩ። ፖስታው ላይ ግን ስሜን ካዩ ሳይከፍቱ ይጥሉታል ብዬ ሳልጽፍ ቀረሁ። ፍራው ሊንደ ላኪ የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም ብለው የራሳቸውን ስምና አድራሻ ጻፉበት። ለማሳመር ማሸጊያው ላይ ያን ክብ ማህተም በሐምራዊ ቀለም መታሁበት። በሱቁ ፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ለገና እንዲደርስ ላክነው።

ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ጾሙ ገባ። ታደለን ካርዱን እንዳታነሳባቸው ብዬዋለሁና እሱም ዝም። እትዬ ሁለቴ ደውለው «አስቴር እንዴት ነች?» ብለው እንደጠየቁት፣ እሱም ደህና ነች እንዳላቸው፣ ድምፃቸው ግን እንደቀዘቀዘ ነገረኝ። በቃ፣ አልማሩኝም አልኩ። አዳራሹም መሄድ ተውኩ። ፍራው ሊንደ የእኔን ስም ከዝርዝራቸው ላይ እያዩ ለምን እንደቀረሁ ይጠይቁኛል፣ ጉንፋንና ሳል ይዞኛል እላለሁ። እንደገና በሳል መዋሸት ጀመርኩ ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታደለ ደወለ። ይስቅ ያልቅስ አይለይም። ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኩቶ ሲከፍት እትዬ አስካለ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ወልዴና ሌላ ሽማግሌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከቦንጋ መጥተው ደካ ዘመድ ቤት አድረው ነው። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆነው በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ለምን እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ታደለ መርዶዬን ያመጡለት መስሎት «እህቴን!» ብሎ ደረቱን መታ። እነሱ ደግሞ እሱ ሲጮኽ ሲያዩ ነገሩ እርግጥ ሆነላቸውና አብረው ጮኹ። ግቢው በልቅሶ ሲናጥ ቆይቶ ጋሽ ወልዴ ናቸው መቼ እንደሞተች የጠየቁት። ታደለ ትናንት ማታ አነጋግሬያታለሁ አለ።

እትዬ ያን ጊዜ ከደረታቸው ሥር ፖስታውን አወጡ። አልተከፈተም። የፈረንጅ አድራሻ፣ የማያውቁት ስም፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማህተም የሠሩ ሴት ናቸው፤ ክብ ማህተም መሥሪያ ቤት ነው፣ የሰው አገር መሥሪያ ቤት ደግሞ ለእሳቸው ስለእኔ ሞት ካልሆነ ምን ይጽፋል? መርዶ ብቻን አይሰማምና ከገና ጀምሮ በትራሳቸው ሥር አኑረውታል። ታደለ ደህና ነች ባላቸው ቁጥር ከሐዘንተኛ እንዲህ ነው የሚደበቀው ብለው ይበልጥ ፈሩ። በመጨረሻ አላስችል ብሏቸው ቁርጡን ሊሰሙ ሽማግሌ ይዘው መጡ።

ታደለ ስልኩን ሰጣቸው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ክብ ማህተም የማን ነው?» አሉኝ።

«የመሥሪያ ቤት።»

«አንቺ መሥሪያ ቤት ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እትዬ።»

እሳቸው ሲቆጡ በአማርኛ ነው፤ ሲያለቅሱ በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ። አሁን በካፊኖኖ ጀመሩ፤ እኔም በእሱው መለስኩላቸው፣ አምስት ዓመት በአፌ ሳይዞር አንድ ቃል አልጠፋኝም። ከዚያ ፖስታው ሲቀደድ ሰማሁ። ጋሽ ወልዴ ቅጠሉ ብድግ ሲል «እሰይ፣ እንሰት» ሲሉ ሰማሁ። ጮክ ብለው አነበቡላቸው፣ «ታደለ ሳል አልያዘውም ነበር» የምትለውንም ሳይዘሉ። እንዲህ ያለ እፎይታ ባሕሩን የተሻገርኩ ቀን እንኳ አልተሰማኝም። መቼ እንደምመጣ እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነበር፤ ቀኑን ዛሬም አላውቀውም። እሳቸው ግን አልጠየቁኝም።

«ለመሆኑ ያ የወንድምሽ ሳል እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

ከጎናቸው ታደለ አውቆ ሲስል ተሰማኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ይኸው፣ አለቀቀውም» አሉ እትዬ። «ማር እልክለታለሁ፤ ዘንድሮ ግን በአንቺ እጅ አይደለም።»