በአክስቴ በኩል ያዘነበለችው ፒካፕ

ዛሬም ናፍጣ የነካው የዛገ ብረት ሲሸተኝ ሞጣ ያለው ግቢያችን ይመጣብኛል፤ ወዲያው የአባቴ አሮጌ ፒካፕ ከኋላ በኩል የምታሰማው «ሲጢጥ... ጓ!» ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ በበጋ ጤፍ ጭኖ ወደ ቢቸና ሲወርድ፣ ትምህርት ከሌለኝ እኔ መሀል ላይ እቀመጥና፣ ታላቅ እህቱ አክስቴ ዘሀራ በቀኝ በኩል በሩን ተደግፋ፣ እዚያ የተዳረች ልጇን ለመጠየቅ አብራን ትሄድ ነበር። አክስቴ ሞላ ያለች፣ ሳቋ የሞተሩን ድምፅ የሚውጥ ሴት ነበረች። አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናትና «እታለም» ነው የሚላት፤ ፊቷም ቀና ብሎ አይናገርም ነበር፤ ቀልድ ሲመጣበት ግን አፉን መያዝ አይችልም።

ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲቦረቦር ፒካፗ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረች። ጎረቤቶች ደጃችን ተሰብስበው ሳለ አንዱ «ምን ነካት?» ቢለው፣ አባቴ «እታለምን ስታመላልስ ከርማ ነዋ!» ብሎ እርፍ አለ። ሁሉም ሳቀ። አክስቴ ግን ሻሿን አስተካክላ፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እዚች መኪና ላይ አልወጣም!» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

መስከረም ላይ ልጇ ወለደች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነበር። የገንፎው ዱቄት ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀመጠ፤ አክስቴ ግን «በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች። ባለመኪና ወንድም እያላት አራስ ልትጠይቅ በአውቶቡስ ሄደች መባል ለአባቴ ሞት ነበርና ሊለምናት ቤቷ ድረስ ሄደ። እሷም እጁን ይዛ እየጎተተች መጥታ፣ ግቢያችን ውስጥ ከቆመችው ባዶ ፒካፕ ኋላ አቆመችው።

«እኔ ያለሁት መሬት ላይ ነው» አለችው። «ታዲያ አሁን ያዘነበለችው ማን ተቀምጦባት ነው?»

አባቴ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ግንድ ደግፎ፣ ከሥር ገብቶ ሲያይ ጭነቱን የሚሸከመው የቀኙ ባሌስትራ ረጅሙ ብረት ተሰንጥቋል፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ የሚሉት ላስቲክም ተበልቶ አልቋል። የዛጉትን ብሎኖች ናፍጣ አጠጥቶ አሳደራቸውና በማግስቱ አዲስ ባሌስትራ አሰረ። ግን ቸኩሎ የቀየረው የቀኙን ብቻ ነበር። ክሪኩን ሲያወርድ አዲሱ ወገን ከፍ ብሎ፣ ፒካፗ ወደ ግራ፣ ወደ ሹፌሩ በኩል ዘንበል አለች።

አባቴ በዚያን ጊዜ ሲበዛ ቀጭን ነበር። አክስቴ አየችው፤ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ «አሁንስ የማን ውፍረት ነው?» ብላ፣ መቆም እስኪያቅታት ድረስ ሳቀች። እኔም እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም። «በል፣ ግራውንም ቀይር» አለችው፤ «ዱቄቱ ይጠብቃል።»

ግራውም ተቀየረ። አባቴ እነዚያኑ ጎረቤቶች ጠርቶ፣ የተሰነጠቀውን ብረት አሳይቶ፣ በሩን ከፈተላት፦ «ጥፋቱ የባሌስትራው ነው። እታለም፣ ይግቡ።» ገባች፤ እስከ ቢቸና ድረስ እየሳቀች ሄደች።

አሁን መንገዱ የያኔውን ያህል አያንገላታም፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። አክስቴ ካረፈች ቆየች፤ አባቴም ሸምግሎ፣ ወፍሮ፣ በእሷ ቦታ ይቀመጣል። ሳይሳፈር በፊት ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይዞርና «ነይ እይ፤ ባዶዋን ቀጥ ብላለች?» ይለኛል። «ቀጥ ብላለች» እለዋለሁ። ከዚያ ገብቶ በሩን ሲዘጋ መኪናዬ ወደ ቀኝ ትንሽ ዝቅ ስትል ይሰማኛል። አክስቴ በኖረችና በሳቀች እላለሁ በሆዴ፤ ሞተሩንም አስነሳለሁ።