አውጣኝ እና የድልድዩ ሽማግሌ

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። የሚደውልለት ሁሉ ሰላምታም ሳያስቀድም «አውጣኝ!» ስለሚለው፣ ስሙ ራሱ አውጣኝ ሆኖ ቀረ።

በአሥራ አንድ ዓመቱ መርከበኛ አጎቱ ከሩቅ አገር በሲዲ የሚሠራ የጌም ማጫወቻ አመጣለት። የሠራው ድርጅት ገዢ አጥቶ በሁለት ዓመቱ እርግፍ አድርጎ የተወው ማሽን ነበርና፣ በሰፈሩ የሚያውቀው አልነበረም። የመጣውም ከአንድ ሲዲ ጋር ብቻ ነው። በጌሙ ውስጥ ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት የጠፉባትን ሰባት ልጆች ትፈልጋለች። ጽሑፉ ግን ከቤተሰቡ ማንም በማያውቀው ፊደል ነው።

ስድስቱን አገኘ። ወደ ሰባተኛዋ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ አንድ ጺማም ሽማግሌ ቆሞ የሆነ ነገር ይናገራል። አውጣኝ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ እንቁራሪቷን ወንዝ ውስጥ ይወረውራታል፤ ከዚያ እንደገና ከወንዙ ዳር መጀመር ነው። ሌላውን ሲጫን ያው ነው። ሁለቱን ባንዴ፣ ሦስቱን ባንዴ፣ በአፍንጫውም ሳይቀር ሞከረ። አንድ ቀን ማጫወቻው ሲዲ ማንበብ አቃተው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሚስት አግብቶ ጠጉሩም ሳስቶ፣ መዳፍ የምታክል ጌም ማጫወቻ ገዛ። በውስጧ የድሮ ማሽኖችን አስመስሎ የሚሠራ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። የታወቁትን ሁሉ ወዲያው ታጫውታለች፤ የእሱን ግን ማን ይወቀው! የሲዲውን ቅጂ ሲከፍት ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነበት። ሦስት ሳምንት ሲታገል ከርሞ፣ ጥፋቱ የማስነሻው ፋይል ስም በትልልቅ ፊደል መጻፉ መሆኑን ደረሰበት። በትንንሽ ቢጽፈው እንቁራሪቷ ጃንጥላዋን ዘርግታ ብቅ አለች።

«እማዬ ድረሽ!» ብሎ እንደ ልጅነቱ ጮኸ።

ሚስቱ ከኩሽና ሮጣ መጣች። ስክሪኑን አየችና፣ «እንቁራሪት አይደለችም እንዴ? ድልድይ ምን ያደርግላታል? ዋኝታ አትሻገርም?» አለችው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ተኮሳትሮ ወጣ።

በሳምንቱ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ንቅንቅ አላለም፤ እንቁራሪቷም ዘጠኝ ጊዜ ወንዝ ገባች።

አሥረኛውን ሊሞክር ያለው አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ የጠገነውን ሊፍት እየፈተሸ ሳለ ነው። በሩ ላይ «በጥገና ላይ» ብሎ ቢለጥፍም አምስተኛ ፎቅ ቢሮ ያላቸው ተርጓሚ ዘው ብለው ገቡ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ስለ ሊፍቱ በየሳምንቱ የአቤቱታ ደብዳቤ የሚጽፉ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ማስታወቂያውን አላዩም?»

«ማንበብ ሥራዬ ነው። በምሳ ሰዓቴ ግን አላነብም።»

ሊፍቱ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። አውጣኝ ባልደረባው ጋ ደወለ። «ጎርሻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለው። ምርጫ አልነበረውምና ግድግዳውን ተደግፎ ማጫወቻዋን አወጣ። ተርጓሚዋ በትከሻው አሻግረው ሲያዩ እንቁራሪቷ ወንዝ ገባች።

«ምን ሆነህ ነው የምትነካው? አትንካ እያለህ!»

አውጣኝ ዞሮ አያቸው። «ያነቡታል እንዴ?»

«በወጣትነቴ አራት ዓመት የተማርኩት ቋንቋ ነው። ‹እንግዳዬ፣ ደክመሻል። እጅሽን ሰብስበሽ አረፍ በይ፤ ምንም አትንኪ› ነው የሚልህ።»

«ምንም?»

«ምንም!»

እንደገና ድልድዩ ጋ ደረሰ። ማጫወቻዋን ወለሉ ላይ አስቀመጣት። በስህተት እንዳይነኩ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ቁጢጥ አሉ። እንቁራሪቷ ተቀመጠች። ሽማግሌው አዛጋ። ልክ በዚህ መሀል ባልደረባው በሩን ፈልቅቆ አንገቱን አስገባ።

«ምን ጉድ ነው? ማን ‹እጅ ወደ ላይ!› አላችሁ?»

«ዝጋው!» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ዘጋው። ሽማግሌው ፈቀቅ ብሎ መንገዱን ለቀቀ። ከድልድዩ ማዶ ሰባተኛዋ ልጅ ከአንድ ቅጠል ሥር ተቀምጣለች። ተርጓሚዋ መነጽራቸውን አስተካክለው «‹እማዬ፣ የት ቆየሽ? እኔ እኮ ራቴን በላሁ› ነው የምትለው» አሉ። አውጣኝ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተርጓሚዋም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በማግሥቱ እሳቸው ራሳቸው ደወሉለት። «ስድስቱን ልጆች ሳላገኝ የሰባተኛዋ ነገር ምን ያደርግልኛል? ከመጀመሪያው አስጀምረኝ።» ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ ቢሯቸው ይገናኙ ጀመር። መዝለል አይሆንላቸውም፤ እንቁራሪቷ በወደቀች ቁጥር በሦስት ቋንቋ ይሰድቧታል። የጌሙን ቃል በሙሉ ግን አንድ በአንድ ተረጎሙት፤ አውጣኝም በደብተር ገለበጠው።

ትርጉሙን የዚያ ማሽን ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣው። አባላቱ ከተለያየ አገር ሆነው አሥራ አንድ ናቸው። በሁለተኛው ቀን አንዱ «እኔ ሲዲው የተበላሸ መስሎኝ ጥዬው ነበር» ብሎ ጻፈ። ሌላው «እኔም ድልድዩ ላይ አረጀሁ» አለ።

አውጣኝ ሮጦ ለተርጓሚዋ ነገራቸው።

«ስንት ሰው አነበበው?»

«አሥራ አንዱም።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ውል ስተረጉም አንባቢዎቼ ሁለት ሁለት ሰዎች ነበሩ። እነሱም የሚያነቡት ሲጣሉ ነው» አሉና፣ መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች እንዲያነብላቸው ወንበር ሳቡለት።