ሲሚንቶው ከመደፋቱ በፊት

ወጅዳን ሞሱል ውስጥ፣ ከአሮጌው ከተማ ጫፍ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል፤ ባል አላገባችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃትን ደንበኛ ወረቀቱን ኮፒ አድርጋ ታሰናብተዋለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን አንድ አመል አላት። ብራውዘሯን ትከፍትና በዚያች ገጽ ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ታስነሳለች፤ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበትን የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም። ገጹ ሲዘጋ ውስጡ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እሷ ግን አንዱን ሞክራ ሌላውን ትቀጥላለች፤ ይኼ ፈጣን ነው፣ ያኛው ድምፅ የለውም፣ ያኛው አረብኛ አያውቅም እያለች። ጎረቤቷ ጫማ ሻጩ፣ "ሰው ሥራ ሲያጣ ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር ይፈልጋል" ብሎ ይተርባታል። "አንተ ደግሞ ጫማ ውስጥ እግር ፈልግ" ትለዋለች።

አመሏ ለቁም ነገር የበቃው ሐጂ ዘኑን የመጡ ዕለት ነው። ሐጂ ዘኑን ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። የቤታቸውን ባለ ቅስት የእብነ በረድ በር በወጣትነታቸው በገዛ እጃቸው ጠርበውት ነበር። ጦርነቱ በሩንም አፈረሰ፣ አንድያ ልጃቸውን ሉአይንም ገደለባቸው። አሁን አንድ የእርዳታ ድርጅት ቤቱን መልሶ እየሠራላቸው ነው። መሐንዲሱ ታዲያ ቁርጡን ነገራቸው፦ የድሮውን በር በልኩ የሚያሳይ ንድፍ ካላመጡ፣ በማግስቱ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ቦታው በሲሚንቶ ተሞልቶ እንደ ሌሎቹ ቤቶች የብረት በር ይገጠምበታል። ንድፉስ ነበር። ሉአይ ተማሪ ሳለ በሩን በኮምፒውተር ስሎት ነበር። ንድፉና ፕሮግራሙ ያሉበት ሲዲ ከአክስቱ ቤት ቢገኝም፣ ዛሬ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አልከፍትም አለ።

ወጅዳን ያን ምሽት ሁለት ሲስተም ሞከረች። አንደኛው የሉአይን የንድፍ ፕሮግራም ጭራሽ አልቀበልም አለ፤ ሁለተኛው ተቀብሎ መሃል ላይ ደረቀ። ሦስተኛውን ጎህ ሲቀድ ከፈተች። ጊዜ አልነበራትም። የሚኒስቴር ፈተና ሰሞን ስለሆነ፣ ጥያቄው እንዳይሰረቅ ተብሎ ጠዋት ጠዋት የአገሩ ኢንተርኔት በሙሉ ይዘጋል። ገጹ ገብቶ ከማለቁ መስመሩ ጥፍት አለ።

"አለቀልን በይኛ" አሉ ሐጂ፣ ከኋላዋ ቆመው።

"አላለቀም ሐጂ። አንዴ ከገባ የሚሠራው እዚሁ እኔ ማሽን ላይ ነው። መብራት ብቻ አይጥፋብን።"

ፋይሉን ከፈተችው። ንድፉ መውጣት ጀመረ፤ አወጣጡ ግን ሰው ይገድላል። አንድ መስመር ይሰመራል፣ ቆም ይላል፣ ሌላ ይሰመራል። መጀመሪያ የበሩ ደፍ፣ ቀጥሎ የግራው ምሰሶ። ሱቁ እንደ እቶን ግሏል፤ ግን ማቀዝቀዣውን ብታበራ ከሰፈሩ ጄኔሬተር የምትቀበላት ትንሽ ኃይል አትችለውም፣ ሁሉም ነገር ይቋረጣል። ማተሚያውንም መንካት አልደፈረችም። አልቆ ሲወጣ በስልኳ ልታነሳው አስባ ስልኩን ጨብጣ ተቀመጠች። ቅስቱ መጠምዘዝ ጀመረ።

ያኔ ግድግዳው ላይ ያለችው ቀይ አምፖል በራች። የመንግሥት መብራት መጣ ማለት ነው፤ ከውጭ የሰፈሩ ልጆች ሲጮኹ ተሰማ። በዚህ ከተማ ሰው ያቺን አምፖል ሲያይ እጁ ጌታውን አያማክርም። የጄኔሬተሩ ኃይል ውድ ነው፣ የመንግሥቱ ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ዘሎ ከጄኔሬተር ወደ መንግሥት መብራት የሚያሻግረውን ማዞሪያ ይቀይራል። ሐጂ ዘኑን ከማዞሪያው አጠገብ ነበሩ። ዓይናቸውን ከንድፉ ሳይነቅሉ ቀጭ አደረጉት። ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪሻገር ያለችው ቅጽበት በቃች። ስክሪኑ ጨለመ።

ወጅዳን ክው አለች። መጮህ አማራት፤ ሽማግሌውን ከነማዞሪያቸው ከሱቅ ማውጣት አማራት። ዞር ስትል ግን ሐጂ ማዞሪያው ላይ የቀረውን እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያዩት ነው።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት?"

መዋሸት አልቻለችም። "አዎ፣ እርስዎ ነዎት።"

ኢንተርኔቱ መቼ እንደሚለቀቅ ጠየቋት። ሁለት ሰዓት ላይ፣ አለቻቸው። ሲሚንቶው ከዚያ በፊት እንደሚደፋ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐጂ ለደንበኛ የምታስቀምጣትን የፕላስቲክ ወንበር አንስተው፣ ሳያስፈቅዱ፣ ይዘው ወጡ። ወንበሩ ለምን እንደተፈለገ የገባት መንገዱን ወደ ቤታቸው ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው ዛሬም አታውቅም። ጫማ ሻጩን ጠርታ ማዞሪያው ፊት አቆመችው፤ ሰው እንዳያስነካ፣ ራሱም እንዳይነካ አስጠነቀቀችው። አንዴም አልቀለደባትም። ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ ሲስተሙን እንደገና አስነሳች። ደፉ፣ ምሰሶው፣ ቅስቱ፣ የቀኙ ምሰሶ። አምፖሏን እያየች ጸለየች። የመንግሥቱ መብራት አልሄደም። አተመችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሮጠች።

ሐጂ ዘኑን በሩ በነበረበት ክፍት መሃል በወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል። ሲሚንቶ ማቡኪያው ይዞራል፤ ሠራተኞቹ አካፋ ተደግፈው ቆመዋል። ወጣቱ መሐንዲስ፣ "እባክሽ እህቴ ለምኚልን፣ ሊደርቅብን ነው" አላት። ሐጂ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መድፋት ከሆነ እኔም ላይ ድፉት።

ወረቀቱን ለመሐንዲሱ ሰጠችው። ፀሐይ ላይ ዘርግቶ መረመረው። ልኩ ሁሉ እንዳለ፣ ይህ እንደሚበቃው ተናግሮ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ወጅዳን አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

መሐንዲሱ ግን ወረቀቱን ወደ ሐጂ አስጠግቶ፣ "አንድ ስህተት አለችበት። የግራው ምሰሶ የወይን ሐረግ አምስት ቅጠል ነው፣ የቀኙ ስድስት። ልጅዎ ሲስል ቁጥሩ ሳይምታታበት አይቀርም። ስንሠራው እናስተካክላት?" አላቸው።

ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ስድስተኛዋን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"እሱ አልተሳሳተም። የተምታታብኝ እኔ ነኝ። ያንን ሐረግ ስጠርብ ነው፣ ና ወንድ ልጅ ተወለደልህ ብለው የጠሩኝ።"