ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ የማኅፀን በር ካንሰር ከመጀመሩ በፊት ሴቶችን እየመረመርሁ ምልክቱን እፈልጋለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዲማ አካባቢ ወዳለች ጤና ኬላ ስንሄድ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ዕቃውን በጀርባዬ አዝዬ በእግሬ ገባሁ። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ የግንባር ባትሪ፣ ኮምጣጤ፣ ጥጥና የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል፣ በቻርጅ የሚሠራ ማከሚያ ነው። ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። እዚያው ተወልጄ አድጌ እንዲህ መሳሳቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ሴቶቹ መጥተው ታዩ። ኮምጣጤው የማኅፀን በራቸውን ሲነካው ነጭ ምልክት የወጣባቸው ሁለት ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ እህትና ጎረቤቷ።

«ካንሰር አይደለም፤ ከተተወ ግን ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ በደቂቃ አቃጥዬ አጠፋዋለሁ» አልኋቸው።

«ከዚያስ?» አለች አክስቴ።

«አንድ ወር ያህል ውኃ የመሰለ ነገር ይፈሳችኋል።»

ጎረቤቷ ወዲያው ነጠላዋን አንሥታ ሄደች። ፈሳሽ ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በፍልሰታ ደግሞ ሕፃን ሳይቀር ይቆርባል። አክስቴም ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ከጾሙ በኋላ እመጣለሁ።»

«መሣሪያው አንድ ነው፤ ነገ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።»

«የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመቱ። ከውጭ ቆሜ ብታይ ሰው ምን ይለኛል?»

«ከምትሞቺ ሰው ያለውን ይበል!» ብዬ ጮህሁባት።

«አንቺማ ከተማ ነው የምትኖሪ» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አፈርሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ናት፤ እሷንም እንዳላጣ ፈራሁ። «እኔም ከውጭ አብሬሽ እቆማለሁ» አልኋት። ጫማዋን መፈለጉን ትታ ተመልሳ አልጋው ላይ ወጣች።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። ከደጀ ሰላሙ ውጭ በአንድ ጃንጥላ ቆመን አስቀደስን። የሚገባው ሁሉ ዞር እያለ ያየናል። አንዲት ሴት «ምነው በደኅና?» አለቻት።

«ታክሜ ነው» አለች አክስቴ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጎረቤቷ ቆርባ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ካለፈችን በኋላ ተመለሰች። ነጠላውን ከአፏ ሳታነሣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ያ መሣሪያ መቼ ነው የሚመለስ?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኋት።